«ደፈረ» የሚለው ግስ

ዊኒፔግ፣ ጥር፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
በአውቶቡሱ መስኮት ላይ ውርጭ ተጋግሯል፤
የማላውቀው ሰው በጣቱ ክብ ፍቆበታል።
በክቡ ቀዳዳ ከተማዋን እያየሁ
ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።
ሥራዬ አፍ መሆን ነው።

የአስተርጓሚ ደንብ፤ «እሷ» አይባልም።
ታካሚዋ «እኔ» ካለች፣ «እኔ» እላለሁ።
ከራስሽ አትጨምሪ፣ ከሷም አታጉድዪ፣
የሰማሽውን ሁሉ ስትወጪ እዚያው ተዪ።
ፈርሜበታለሁ። ደመወዝ በልቼበታለሁ።

እማዋይሽ፣ በዕድሜ እኩያዬ፣
ወረቀት በተነጠፈበት አልጋ ጠርዝ ተቀምጣለች፤
እግሯ ወለሉን አይነካም፤ ካልሲዋን አላወልቅም ብላለች።
«የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» አለች ዶክተር ኮቫልቹክ።
«እዚያ።»
«እዚያ» አልኩ፣ በእንግሊዝኛ።
«እዚያ የት?»
ሦስታችንም ግድግዳውን አየን፤
የማህፀን ሥዕል፣ ሮዝና ሐምራዊ፣
እንደ አገር ካርታ በወሰን የተከፋፈለ፣
ለእያንዳንዷ ቀበሌ የላቲን ስም የታደለ።
የኛው ግን
በመጽሐፉ ቋንቋ «ኀፍረተ ሥጋ»፣
በሰፈሩ ቋንቋ ስድብ፣
በእናቴ ቋንቋ ዝም።
ሁላችን የወጣንበት በር
ስሙ ኀፍረት ከሆነ፣
የቤቱ ባለቤት በምን አፏ ትናገር?

ከዚያ ቃሉን አወጣችው፤ ሠላሳ ዓመት ያቆየችውን።
«ደፈረኝ።»

በእንግሊዝኛ አንድ ድምፅ ነው፤ እንደ ጠጠር ይወድቃል።
በአማርኛ ግን ቃሉ ዘመድ አለው፤
ደፋር አለ፣ ድፍረት አለ፣ «አይዞህ፣ ድፈር» አለ፤
ልጅ የሚበረታታበት፣ ጀግና የሚወደስበት።
እሱ «ደፈረ» ሲባል ቋንቋዬ ሳያውቀው
ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል።
እሷ «ተደፈረች»፤
እንደ ሕግ፣ እንደ ድንበር።
ድንበርስ ሲደፈር ነጋሪት ይጎሰማል፤
ለእማዋይሽ ማን ጎሰመ?

ለዶክተሯ ነገርኳት፣
በደንቡ መሠረት፣ በ«እኔ»።
ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ የተንቀጠቀጠው ጉልበቴ ነው።
ከራሴ አልጨመርኩም፤
ከሷም አላጎደልኩም፤
ዓረፍተ ነገሩ ግን የሁለታችንም ነበር።

ኮሪደሩ ላይ የካፖርቷን ቁልፍ እየቆለፈች ጠየቀችኝ፤
«እንደኔ አድርገሽ ነገርሻት?»
«እንዳንቺ አድርጌ» አልኩ።
አየችኝ። ቆይታ አየችኝ።
ሻርፗን አንገቴ ላይ ጠምጥማልኝ ሄደች፤
እኔም እስካሁን አልመለስኩላትም።

ሐሙስ ማታ፤ ሳርጀንት ጎዳና፣ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፤
ስድስት ሴቶችና አንድ የሚያቃስት ማሞቂያ።
ዘጠኝ ዓመት እዚህ ግጥም አንብቤያለሁ፤
ገላዬን ሎሚ ብዬዋለሁ፤
የተቆለፈ አጥር፣ ዝናብ ያልነካው ማሳ፣
ሰም በሰም ላይ ደራርቤ፣ ወርቁን ራሴም እስክረሳ።
«እንዴት ያለ ጨዋ ግጥም!» ይሉኝ ነበር።

ዛሬ ኤልዳና ስለ ስፌቷ አነበበች።
ሎሚ አላለችውም። ስፌት አለችው፤
ቁጥሩን ሳይቀር። አሥራ አራት።
የአንዷ ወንበር ሲጥ አለ።
ማንም «ጨዋ» አላለም።

ተራዬ ሲደርስ ያመጣሁትን ወረቀት አጠፍኩት።
በቀጠሮ ካርድ ጀርባ አንድ ግስ ጽፌ አነበብኩ፤
«ደፈርኩ።»
«ማንን?» አለች ኤልዳና።
ተሳቢ የለውም፤
ገና እየፈለግሁለት ነው።

(እማዋይሽ የእማዋይሽ ስም አይደለም።
ሥራዬን እፈልገዋለሁ።
ያ «እኔ» ግን
የራሴ ነው።)

የመጨረሻው አውቶቡስ መጣ።
የጠዋቱ ክብ የለም፤ መስኮቱ ዳር እስከ ዳር ነጭ።
ጓንቴን አወለቅሁ፤
መዳፌን ለጠፍኩበት፣
እስኪያቃጥለኝ።